የስልክ ካሜራ ሳተላይት ላይ ቢጫን ምን ይጎድለዋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ስልኬ 50 ሜጋፒክስል ካሜራ አለው። ሴንቲነል-2 የሚባለው ሳተላይት ግን አንዷ ፒክስሉ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ ዋጋው ደግሞ አይቀመስም። ከጓደኞቼ ጋር ኩብሳት፣ ማለትም ሣጥን የምታህል ትንሽ ሳተላይት፣ ለመሥራት እያሰብን ነው። የስልክ ካሜራ ብንጭንበት ምን ይጎድለናል? አዳዲስ ሴንሰሮች መጡ ሲባልስ እውነት ነገሩን ይለውጡታል?»

ከምሥራቹ ልጀምር። ስልክ ጠፈር ደርሶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ናሳ ፎንሳት ብሎ የሰየማቸውን ሦስት ትንንሽ ሳተላይቶች ላከ። አንጎላቸው ገበያ ላይ የሚሸጥ ኔክሰስ ስልክ ነበር። መሬትን ፎቶ አነሱ፣ ምስሉን ቆራርጠው በሬዲዮ ላኩ፣ በየአገሩ ያሉ የአማተር ሬዲዮ ሰዎችም ቁርጥራጩን እየለቀሙ አቀበሉ። (ከዚህ በታች ያሉትንም ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር አንብባቸው።) ስለዚህ «ይሠራል ወይ?» ካልከኝ፣ አዎ ይሠራል። «ከዚያስ በምስሉ ምን አደርግበታለሁ?» ስትል ነው ወሬው የሚጀምረው።

እኔ እንጀራዬ የእነዚህን ካሜራዎች መስታወት ማስተካከልና መለካት ነው። ከሥራው የገባኝን አንድ ነገር ልንገርህ። ስልክህ የተሠራው እንደ ዓይን ነው፤ ያየውን አሳምሮ ያሳይሃል። የመሬት ምልከታ ካሜራ ግን እንደ ሚዛን ነው የሚሠራው። ዛሬ አንድ ኪሎ ያለውን ዕቃ ከአምስት ዓመት በኋላም፣ በርዶትም ሞቆትም፣ አንድ ኪሎ ማለት አለበት። ገንዘቡም ልፋቱም የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ሜጋፒክስሉ ርካሹ ክፍል ነው።

ከሌንሱ እንነሳ፣ እዚህ ላይ ፊዚክስ ድርድር አያውቅም። ብርሃን በቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር መበተኑ ይብሳል። ዲፍራክሽን የሚባለው ይሄ ነው። የስልክህ ሌንስ ቀዳዳ 4 ሚሊሜትር ነው እንበል። ከ600 ኪሎሜትር ከፍታ፣ በአረንጓዴ ብርሃን፣ ሂሳቡን ስትሠራው መሬት ላይ ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር 100 ሜትር አካባቢ ይመጣል። ከሥሩ 50 ሜጋፒክስል አድርግ 500፣ የደበዘዘውን ምስል በደቃቁ መከትከት ነው የሚሆንብህ። ዎርልድቪው-3 የሚባለው ሳተላይት በ2014 ሲላክ 31 ሳንቲሜትር ለማየት 1.1 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ የተሸከመው ወዶ አይደለም።

ሴንቲነል-2 ደግሞ ቀዳዳው 15 ሳንቲሜትር ነው። ከ786 ኪሎሜትር ላይ በአረንጓዴ 3.5 ሜትር አካባቢ ድረስ ይለያል፤ ለ10 ሜትር ፒክስል በቂ ነው። የሞገዱ ርዝመት ወደ 2.2 ማይክሮሜትር ሲረዝም ግን ያው ቀዳዳ 14 ሜትር ላይ ይቆማል። ስለዚህ እዚያ ያለው ባንድ (ካሜራው ለይቶ የሚያየው የብርሃን ክልል) ፒክስሉ 20 ሜትር መሆኑ ስንፍና እንዳይመስልህ።

ቀጥሎ ጊዜ። ሳተላይቱ ቆሞ አያነሳልህም። የሚያየው ነጥብ መሬት ላይ በሰከንድ 6.8 ኪሎሜትር ያህል ይሮጣል። 10 ሜትር ለማለፍ 1.5 ሚሊሰከንድ፣ 30 ሳንቲሜትር ለማለፍ 45 ማይክሮሰከንድ ገደማ ብቻ አለህ። በዚያች ቅጽበት የምትገባው ብርሃን ደግሞ በጠባብ የቀለም ባንድ ተቆርጣ፣ ከጨለማ ውሃ ወይ ከጥቁር አፈር ተንጸባርቃ የመጣች ናት። ጥቂት ፎቶኖች፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶች፣ ናቸው የሚደርሱህ።

ለዚህ ብዙዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች እንደ ስልክህ አራት ማዕዘን ፎቶ አያነሱም። ረጅም የዲቴክተር (የብርሃን ተቀባይ) መስመር ይዘው መሬቱን እንደ መጥረጊያ እየጠረጉ ይሄዳሉ፣ ምስሉ መስመር በመስመር ይሸመናል። በጣም ጥርት ያለ ምስል የሚፈልጉት ደግሞ ብዙ መስመሮችን ደርድረው ያንኑ ቦታ ደጋግመው እንዲያዩት ያደርጋሉ፣ የተሰበሰበውም ኤሌክትሪክ ከምስሉ ጋር እኩል እየተራመደ ከመስመር ወደ መስመር ይተላለፋል። ባልዲ ከሰው ወደ ሰው በሰልፍ ሲቀባበል እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ጣሳ ውሃ ሲጨምርበት አስበው፤ መጨረሻ ላይ ባልዲው ይሞላል። ችግሩ ሰልፉና ባልዲው እርምጃቸው ካልገጠመ ውሃው ይደፋል። ሳተላይቱ በጥቂቱ ከተንቀጠቀጠ ወይም አቅጣጫው ከተዛነፈ ምስሉ ይደበዝዛል።

ላንድሳት ከሚባሉት የአሜሪካ የመሬት ምልከታ ሳተላይቶች የመጀመሪያው በ1972 ሲወጣ አካሄዱ ሌላ ነበር። ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ መስታወት ነበረችው፣ ለእያንዳንዱ ባንድ 6 ዲቴክተር ብቻ። በእኔ ግምት በዘመኑ ከተሠሩት ውስጥ ውብ ማሽን ነው። ግን የሚንቀሳቀስ አካል አንድ ቀን መቆሙ አይቀርም፤ ላንድሳት 7 ላይ በ2003 የሳተላይቱን ወደፊት መሮጥ የሚያካክሰው መስታወት ሥራ አቆመ፣ ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ምስል 22 በመቶ ያህሉ በሰያፍ ክፍተት ጠፋ። ላንድሳት 8 በ2013 ሲመጣ ወዝዋዡን መስታወት ጥሎ ለአንድ ባንድ ወደ 7,000 የሚጠጉ ዲቴክተሮችን ደረደረ። እያንዳንዱ ዲቴክተር ረዘም ላለ ጊዜ የማየት ዕድል አገኘ፣ ጥራቱም አደገ።

ይኸው ግን አዲስ ራስ ምታት ወለደ። 7,000 ዲቴክተር ማለት 7,000 ጠባይ ማለት ነው። አንዱ ትንሽ ያጋንናል፣ አንዱ ትንሽ ያሳንሳል፣ ምስሉ ላይ ዥንጉርጉር መስመር ይወጣል። አንዱ መፍትሔ ያስቀኛል፤ ሳተላይቱን በ90 ዲግሪ ያዞሩትና መስመሩ እንደ መጥረጊያ በወርድ መሆኑ ቀርቶ በቁመቱ ይሄዳል። ያን ጊዜ ዲቴክተሮቹ ተሰልፈው አንድ መሬት ላይ ተራ በተራ ያልፋሉ። ሁሉም ያንኑ ነገር አይተዋል፣ ማን እንዳጋነነ ወዲያው ይታወቃል።

አሁን ስለ ቀለም። የስልክ ሴንሰር ላይ እያንዳንዷ ፒክስል የምታየው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን ሶፍትዌሩ ከጎረቤቶቿ ገምቶ ይሞላል። ከዚያ ነጩን ያስተካክላል፣ ጥላውን ያበራል፣ ጠርዙን ይስላል፣ ሰማዩን ሰማያዊ ያደርጋል። ለፎቶ ግሩም ነው። ለልኬት ግን ሚዛኑ ላይ አውራ ጣት እንደ መጫን ነው። ይባስ ብሎ ስልክህ ቀለሙ እንዳይበላሽ ቅርብ ኢንፍራሬድን (ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን) የሚዘጋ ማጣሪያ ተለጥፎበታል። ጤነኛ ቅጠል ደግሞ ቀዩን ብርሃን ይውጥና ጎልቶ የሚያንጸባርቀው ልክ እዚያ በተዘጋው ክልል ነው። ማለትም ሰብል ለመከታተል ከሁሉ በላይ የምትፈልገውን ብርሃን ነው ስልክህ በር ላይ የሚመልሰው።

ማጣሪያውን ብትልጠውም ሴንሰሩ የተሠራበት ሲሊከን ራሱ 1.1 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ላይ ይታወራል። የአፈርና የቅጠል እርጥበት፣ ማዕድን፣ ደመናን ከበረዶ መለየት፣ እነዚህ ከዚያ ወዲያ ናቸው። እዚያ ለማየት እንደ ሜርኩሪ፣ ካድሚየምና ቴሉሪየም ውህድ ያለ ሌላ ዲቴክተር ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ካልቀዘቀዘ የራሱን ሙቀት እንደ ብርሃን ይቆጥረዋል። የመሬትን ሙቀት የሚለካው የላንድሳት 8 መሣሪያማ ዲቴክተሮቹ 43 ኬልቪን ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። ከዲቴክተሩ ዋጋ ይልቅ የማቀዝቀዣው ጣጣ ይበልጣል፤ ኃይል ይበላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደት አለው።

መስታወቱንም በችኮላ አልለፈው፣ የእኔ ሠፈር ስለሆነ። ሴንቲነል-2 ሌንስ ትቶ በሦስት መስታወት የሚሠራው ሌንስ ቀለምን በየቦታው ስለሚያተኩር ነው፤ መስታወት ግን ከሰማያዊ እስከ ኢንፍራሬድ አንድ ቦታ ላይ ያሳርፋል። መስታወቶቹ የተሠሩት ከሲሊከን ካርባይድ ነው። ጠንካራ ነው፣ ሙቀትን ቶሎ ያሰራጫል፣ አንድ ጎኑ ሲሞቅ ሌላው ቀዝቅዞ አይጣመምም። ሌላም ጉድ አለ። መስታወቱን የምታለሳልሰው መሬት ላይ፣ በክብደቱ በጥቂቱ ጎብጦ ሳለ ነው፤ ላይ ሲደርስ ክብደት የለምና ይቃናል። ስለዚህ ላይ ሲቃና ልክ እንዲሆን አስበህ፣ እዚህ ስህተት አድርገህ ነው የምትሠራው። ከካርቦን ፋይበር የተሠራ አካል ካለህ ደግሞ የያዘውን እርጥበት በቫክዩም ውስጥ እየለቀቀ በማይክሮሜትር ይሸማቀቃል፣ ፎከሱ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ፣ ቦታውን ልተወው፣ አንድ ካሜራ በቫክዩም ታንክ ውስጥ እየፈተንን ነበር። በክፍል ሙቀት ምስሉ እንደ መርፌ ጫፍ ነው። ወደ ከዜሮ በታች 20 ሲወርድ አንዱ ጥግ ይደበዝዛል። ስናሞቀው ይመለሳል። መስታወቱን የያዘውን ሙጫ ጠረጠርን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት እየተፈራረቅን ስናሞቅ ስናበርድ፣ ሂሳብ ስንሠራ፣ ሙጫውን ስንረግም ከረምን። በመጨረሻ ታንኩ ተከፍቶ አንዷ ቴክኒሻን በጓንቷ የኬብሉን ጥቅል ነካ አደረገችና «ይሄ ለምን እንዲህ ገተረ?» አለች። ኬብሉ የታሰረበት ፕላስቲክ ማሰሪያ ከልክ በላይ ጠብቆ ነበር። ኬብሉ ሲበርድ ይደርቃል፣ ይሸማቀቃል፣ የመስታወቱን መያዣ በስሱ ይጎትታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ማሰሪያውን ቆረጥን፣ አላላነው፣ በቃ። እንግዲህ ዋጋው ለምን ሰማይ ነካ ስትል፣ እነዚያን ሦስት ሳምንቶችም ቁጠርልኝ።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ካሜራው ጠፈር ከደረሰ በኋላ ያረጃል። ጨረር ይመታዋል፣ መስታወቱ ይቆሽሻል፣ ማንም ወጥቶ አይወለውለውም። ታዲያ ዛሬ ጫካው ጠቆረ ሲልህ ጫካው ነው የጠቆረው ወይስ ካሜራው? ላንድሳት 8 ይህን ለመመለስ የፀሐይን ብርሃን እኩል የሚበትን ነጭ ሰሌዳ ተሸክሟል። ሰሌዳውን ከፍቶ ያየዋል፣ ፀሐይ የታወቀች ናትና ካሜራው ስንት እንዳነበበ ያመሳክራል። ግን ሰሌዳውም ራሱ በፀሐይ ይወይባል። ስለዚህ ሁለት ሰሌዳ አለው፦ የዘወትርና የክት። የዘወትሩ በየሳምንቱ ገደማ ይወጣል፣ የክቱ በስድስት ወር አንዴ። የዘወትሩ ምን ያህል እንደወየበ የሚታወቀው ከክቱ ጋር ሲተያይ ነው። ይህም አልበቃ ብሎ በወር አንዴ ሳተላይቱ ፊቱን ከመሬት አዙሮ ጨረቃን ያያል። ጨረቃ አየር የላት፣ ዝናብ የላት፣ ሣር አይበቅልባት፤ ከእሷ የተሻለ የማይለወጥ ነገር በቅርብ የለንም። ይህ ሁሉ ልፋት የመሬትን አንጸባራቂነት ከ3 በመቶ ባልበለጠ ስህተት ለመለካት ነው።

3 በመቶ ምን ያደርጋል እንዳትለኝ። ውሃን ከላይ ስታይ ከሚደርስህ ብርሃን 90 በመቶ ያህሉ ከአየሩ የተበተነ ነው፤ ከውሃው የወጣው ቀሪው ትንሹ ነው። ካሜራህ በ1 በመቶ ከተሳሳተ ስለ ውሃው የምትለው በ10 በመቶ ይሳሳታል ማለት ነው።

ትልልቆቹም ይወድቃሉ፣ እንዳትሸማቀቅ። በ2011 የተላከው ሱኦሚ ኤንፒፒ ሳተላይት ላይ ያለው ቪርስ የሚባለው መሣሪያ ብዙም ሳይቆይ በቅርብ ኢንፍራሬድ ማየቱ እየደከመ ሄደ። ሲመረመር መስታወቶቹ ሲለበጡ የተንግስተን ኦክሳይድ ብክለት ገብቶባቸዋል፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ደግሞ ያንን ብክለት አጠቆረው። እንደ እድል ሆኖ መሣሪያው ምን ያህል እንደሚደክም በየጊዜው ይለካ ስለነበር ውጤቱን ማረም ተቻለ። ላንድሳት 5 ደግሞ በቀዝቃዛው ዲቴክተር ፊት ያለው መስኮት ላይ ስስ በረዶ ይበቅልበት ነበር። በረዶው በወፈረ ቁጥር ንባቡ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዘይት ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ቀለሙ እንደሚቀያየረው። መፍትሔው በየጊዜው አሙቆ ማባረር ነበር። የላንድሳት 8 የሙቀት መሣሪያ ላይ ደግሞ ከእይታው ክልል ውጭ ያለ ሙቀት በጎን ሾልኮ እየገባ ንባቡን ያዛባ ነበር። ከየት እንደሚገባ ያጋለጠችው ጨረቃ ናት፤ ጨረቃ ከክልሉ ውጭ ሆና ሙቀቷ ዲቴክተሩ ላይ ታየ። ለላንድሳት 9 መከለያ ተጨመረለት።

ወደ አዲሶቹ ሴንሰሮች። የእኔ አድልዎ ግልጽ ነው፤ ከሁሉ የሚያጓጓኝ ብርሃንን በመቶዎች ባንድ የሚተነትነው ነው። ኢሚት የሚባለው በ2022 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሄደ፣ 285 ባንድ አለው። የተላከው የበረሃ አቧራ ማዕድኑ ምን እንደሆነ እንዲያጣራ ነበር፣ ግን ሚቴን ጋዝ ሲያፈሱ የነበሩ ቦታዎችም ምስሉ ላይ እንደ ጭስ ወጡለት። ሚቴን ከሚውጠው ቀለም ላይ ጠባብ ባንድ ስለነበረው ነው። በዚህ ሥራ የሚያስቸግረው ጠባብ ቀዳዳ ላይ ያረፈችው ቀጥ ያለች መስመር ተተንትና ስትወጣ ፈገግ ያለ አፍ መስላ መጉበጧ ነው። ያኔ የምስሉ መሐልና ዳር የሚያዩት ቀለም አንድ አይሆንም። ያንን ፈገግታ ከአንድ ፒክስል ትንሽ ክፍልፋይ በታች ማድረግ ነው ጥበቡ።

ሌላው ፎቶንን አንድ በአንድ የሚቆጥር ነው። አይስሳት-2 ከ2018 ጀምሮ በሰከንድ 10,000 ጊዜ አረንጓዴ ሌዘር ወደ መሬት ይተኩሳል፤ ከእያንዳንዱ ተኩስ ወደ 20 ትሪሊዮን ፎቶን ይወጣል፣ ተመልሶ የሚገባው አሥራ ምናምን ነው። በእነዚያ ነው የበረዶውን ከፍታ የሚለካው።

ብርሃን ሲለወጥ ብቻ ምልክት የሚሰጠው ካሜራም እየተወራለት ነው። ለመብረቅና ቶሎ ለሚንቀሳቀስ ነገር ደስ ይላል፤ ሰብል ለመመዘን ግን አይሆንህም፣ ለውጡን እንጂ የብርሃኑን መጠን አይለካም። ስስና ጠፍጣፋዎቹ ሜታሌንሶችም ለአንድ ጠባብ ቀለም ተስፋ አላቸው፣ ለሰፊ ክልል ገና ናቸው። እዚያው ላይ ሆኖ የሚያስብ ካሜራስ? እሱ ሥራ ላይ ውሏል፤ በ2020 ፋይሳት-1 የተባለው ምስሉን ከመላኩ በፊት ደመና የሸፈነውን ራሱ ለይቶ እንዲጥል ተደርጎ ሄዷል። ለትንሽ ሳተላይት ትልቁ ችግር ምስሉን ወደ መሬት ማውረድ ስለሆነ ይህ ይጠቅማችኋል።

ታዲያ ለእናንተ? ኩብሳቱን ሥሩት፣ አትተዉት። ዶቭ የሚባሉት ሳተላይቶች 10 በ10 በ30 ሳንቲሜትር ናቸው፣ ምስላቸው ግን ከ3 እስከ 4 ሜትር ድረስ ይለያል፣ ንባባቸውንም ከላንድሳትና ከሴንቲነል-2 ጋር እያመሳከሩ ነው የሚያርሙት። የእናንተም መንገድ ይኸው ነው። የራሳችሁን ሚዛን አትፍጠሩ፣ ከትልቁ ሚዛን ተበደሩ፤ ሴንቲነል-2 በሚያልፍበት ቀን ያንኑ ቦታ አንሱና አወዳድሩ። የስልኩን ሶፍትዌር ግን ጨርሳችሁ ጣሉት፣ ሴንሰሩን ለብቻው ገዝታችሁ ጥሬውን ቁጥር አንብቡ። ቀለም የማይገምት፣ የኢንፍራሬድ ማጣሪያ የሌለበት ይሁን፣ ከፊቱ አንድ ቀይና አንድ ቅርብ ኢንፍራሬድ ማጣሪያ አድርጉ። ሁለት ባንድ በደንብ የተለካ ከአሥር ባንድ ይሻላል።

ሮኬት ሳትፈልጉ ደግሞ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ። የሴንሰሩን ፊት በጥቁር ቴፕ ሸፍኑና 100 ፎቶ በጨለማ አንሱ። ከዚያ በደረቅ ከረጢት አሽጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡና ድገሙት፣ አውጥታችሁ ሙቅ ቦታ ላይ ድገሙት። ብርሃን ሳይኖር የሚመጣው ቁጥር ከሙቀቱ ጋር እንዴት እንደሚወጣ በግራፍ አስቀምጡና እዚሁ ለጥፉት፣ አየዋለሁ።